በአዳማ ኮረብቶች ትሪያል መንዳት፦ በሥራ ሞተሩ ለሚጀምር አማተር ዝርዝር መመሪያ

ትሪያል ፍጥነት የማይቆጠርበት የሞተር ሳይክል ስፖርት ነው። ነጂው ድንጋይ፣ ቦረቦር፣ ግንድና ቀጥ ያለ ዳገት የበዛበትን አጭር መንገድ እግሩን መሬት ሳያስነካ እንዲያልፍ ይጠበቅበታል፤ ታዛቢውም የሚመዘግበው ማን እንደቀደመ ሳይሆን የማን እግር ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ነው። እንዲህ ያለው አጭር መንገድ ሴክሽን ይባላል። እግሩን አንድም ጊዜ ሳያስነካ የወጣ 0፣ አንድ ጊዜ ያስነካ 1፣ ሁለት ጊዜ ያስነካ 2፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያስነካ 3 የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል፤ የወደቀ፣ ከምልክቱ ውጭ የወጣ ወይም ሴክሽኑን መጨረስ ያቃተው ደግሞ 5 ይመዘገብበታል። አሸናፊው ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ነው።

አዳማ ለዚህ ስፖርት የተመቸች ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበቧት ኮረብቶች ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ በመሆናቸው፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቁ ጠፍጣፋ አለት፣ ልቅ ኮረት፣ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦርና ደረቅ የወንዝ መውረጃ በአንድ ጠዋት ማዳረስ ይቻላል። በቀላሉ የማይገኘው ለትሪያል ተብሎ የተሠራው ሞተር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው እሑድ የተለማመደበትን ሞተር ሰኞ ጠዋት አስነስቶ ሥራ ለሚገባ ሰው ነው፤ የልምምዶቹ ቅደም ተከተል፣ በሞተሩ ላይ የሚደረጉት ማስተካከያዎች ልክ፣ ሌላው ቀርቶ ልምምዱ የሚቆምበት ሰዓት እንኳ የተወሰነው በዚሁ ግዴታ ነው።

የሞተሩ ምርጫ

ሞንቴሳ፣ ጋስጋስ፣ ቤታ፣ ሼርኮና ቲአርኤስ የመሳሰሉት የትሪያል ሞተሮች ክብደታቸው 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ የሚቀመጡበት ወንበር የላቸውም፤ የነዳጅ ታንካቸውም ሁለትና ሦስት ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው። ቅለት በዚህ ስፖርት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር፤ በዚያ ዓመት ሳሚ ሚለር ቡልታኮ በተባለ ቀላል ባለ ሁለት ምት የስፔን ሞተር የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ትሪያል አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ከባዶቹ የእንግሊዝ ባለ አራት ምት ሞተሮች ቀስ በቀስ ከሜዳው ወጡ።

በእኛ አገር ሊገኙ ከሚችሉት መካከል ለጀማሪ የሚሻሉት ያማሃ ዲቲ 125ና ያማሃ ኤጂ ናቸው። ሁለቱም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ለገጠር ሥራ ሲያገለግሉ የኖሩ በመሆናቸው ያገለገሉትን በጨረታም ሆነ ከግለሰብ መግዛት ይቻላል። ሆዳቸው ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ጎማቸውም ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ ነው። ባጃጅ ቦክሰር ያለው ሰው ከሜዳ ልምምዶቹ አብዛኞቹን ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ማርሚታው ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ድንጋይ መውጣቱን ቢተወው ይሻላል። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ከቀለሙና ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ፍሪሲዮኑን መፈተሽ ይገባል፦ ሞተሩ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ እጀታው በዝግታ ሲለቀቅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይዘል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ መያዝ አለበት። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞር መሀል ላይ ገታ የሚያደርገው ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነውና የቅያሪው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ሞተሩን ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ሥራ አንደኛ ማርሽን ይበልጥ ቀርፋፋ ማድረግ ነው። ለመንገድ የተሠራ ሞተር በአንደኛ ማርሽ እንኳ ከሰው እርምጃ ይፈጥናል፤ ትሪያል የሚጠይቀው ደግሞ ከእርምጃም የዘገየ ጉዞ ነው። የፊተኛውን ጥርስ በአንድ ጥርስ በሚያንስ መቀየር ርካሹ መፍትሔ ነው፤ ባለ 15 ጥርስ ወደ ባለ 14 ቢወርድ ፍጥነቱ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የኋላውን ኮሮና በሦስት ጥርስ ማሳደግም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል፤ ሆኖም ካቴናውን ማስረዘም ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚህ በላይ መቀነስ ለኮረብታው ቢጠቅምም ሰኞ ዕለት ሞተሩ አስፋልት ላይ እየጮኸ አልሄድ ስለሚል አይመከርም።

ሁለተኛው የካርቡራተር ጉዳይ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል። ምልክቱ ካንዴላው ሲፈታ ጥቀርሻ ለብሶ መገኘቱና በዝግታ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ መንተባተቡ ነው። በመንገድ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ድንጋይ ጫፍ ላይ ግን አንዲት መንተባተብ እግር ታስወርዳለች። በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን በአንድ ቁጥር በምታንስ መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሚኒሞውን ደግሞ ፍሪሲዮን ተይዞ ሲቆም ሞተሩ እንዳይጠፋ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው።

የፍሪሲዮንና የፊት ፍሬን እጀታዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ጣት፣ በአመልካች ጣት ብቻ፣ እንዲያዙ ተደርገው መስተካከል አለባቸው፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይዘው ይቆያሉ። ቆመው ሲነዱ ክንድና የእጅ አንጓ በአንድ መስመር እንዲሆኑ እጀታዎቹ በመጠኑ ወደ ታች ይዘንበሉ። የፍሪሲዮኑ ገመድ በአቧራ የጠጠረ ከሆነ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣት ይዝላልና ገመዱን አጥቦ በዘይት ማለስለስ ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። መስተዋትና ፍሬቻ ለልምምድ ይፈታሉ፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ እነሱ፣ ያለ ሰሌዳና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንዳት ስለማይቻል ግን መፍቻ ቁልፋቸውን ይዞ መሄድ ግድ ነው። የሞተሩን ሆድ የሚከላከል ላሜራ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን የሚፈታበት ቀዳዳ እንዲተውለት አስቀድሞ መናገር እንዳይረሳ።

ስለ ጎማ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እውነተኛ የትሪያል ጎማ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ በሚደርስ በጣም አነስተኛ ንፋስ ስለሚነዳ ድንጋዩን እንደ መዳፍ ጨብጦ ይይዛል። ከመነዳሪ ያለው የመንገድ ጎማ ግን እንዲህ ከተለቀቀ ቸርኬው ላይ ይዞርና የመነፊያውን አንገት ይቆርጠዋል፤ ከድንጋይ ጋር ሲላተምም ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይበጣል። ለዲቲና ለኤጂ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ ድረስ መውረድ ይበቃል። በየዕረፍቱ መነፊያውን ማየት ይገባል፦ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጎማው መዞር ጀምሯልና ንፋስ ይጨመርበት። የአብዛኛው ጎሚስታ መለኪያ ለመኪና የታሰበ ስለሆነ በዝቅተኛ ቁጥር ላይ አይታመንም፤ ትንሽ የእጅ መለኪያና የእግር ፓምፕ የግድ ናቸው። የግራር እሾህም ስላለ የከመነዳሪ መለጠፊያ ከቦርሳ አይጥፋ።

ልብሱን በሚመለከት፣ ሄልሜትና ጓንት የማይታለፉ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጫማ ነው። በትሪያል ከባዱ ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው ከፍጥነት ሳይሆን እግር በሞተሩና በድንጋዩ መካከል ሲያዝ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጠንካራ ቦት ከሌለ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ጎዶሎ ነው።

ቦታውን መምረጥና ማስፈቀድ

በአዳማ ዙሪያ ሰው የማያርሰው ኮረብታ እንኳ ከብት የሚሰማራበት፣ ባለቤት ያለው ቦታ ነው። ሞተር ከማስነሳት በፊት በእግር ሄዶ፣ «አካም ቡልተን፣ አባባ፤ እዚህ ድንጋዩ ላይ በሞተር ብንለማመድ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ብዙውን ጊዜ እሺታ ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አያጣም፦ «ከብቶቹ ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱ ሞተር እንዳታስነሱ፣ በማሳው ዳር ያለውን እርከን እንዳትነኩ።» ሁለቱም መከበር አለባቸው፤ በተለይ እርከኑ። ጎማ ያፈረሰው የድንጋይ እርከን በሚቀጥለው ክረምት አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ያን ጊዜም ከሚቀየመው ገበሬ ፈቃድ ማግኘት አይታሰብም።

መሬቱን በእግር ረግጦ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለግንባታ የሚወሰደው ሬድ አሽ ያለበት ቁልቁለት ከጎማ ሥር እየተንከባለለ ስለሚከዳ ለጀማሪ አይሆንም። ጠፍጣፋ፣ ሻካራ አለት ደረቅ ሲሆን ከአስፋልት ያልተናነሰ ይይዛል፤ ጤዛ ወይም አቧራ ከለበሰ ግን ያንሸራትታል። አንዳንድ ኮረብታ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባልጩት ይገኛል፤ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስለሚቆርጥ እሱ ያለበትን ቦታ መተው ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ መለማመድ ደስ ይላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን እዚያው ያለበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ በዘነበ ዝናብ ጎርፍ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል በክረምት ወደ ወንዝ መግባት አይገባም። ነፋሱንም ከግምት ማስገባት ያስፈልጋል፤ የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለምና የሚዛን ልምምድ ከሸንተረሩ አናት ይልቅ ከሥሩ ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት ማልዶ መውጣት፣ ውኃ መያዝ፣ ብቻ አለመሄድ፤ እነዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም።

የሜዳ ልምምዶች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንጋይ አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋ ሜዳ ይበቃል። አቋቋሙ እንዲህ ነው፦ የእግር መርገጫው በጫማው መሀል ወይም ትንሽ ወደ ፊት ባለው የእግር ክፍል ሥር ይሆናል፣ ጉልበት በመጠኑ ይታጠፋል፣ ክርን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዓይን የፊት ጎማውን ሳይሆን ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት ያያል። ክብደቱ በሙሉ በእግር ላይ ነው የሚያርፈው፤ መሪውን የሚጨብጠው እጅ የሰውነት ክብደት ከተሸከመ አቋቋሙ ተበላሽቷል።

ከዚያ ፍሪሲዮን ይመጣል፤ የዚህ ስፖርት ዋና እውቀት ያለው በግራ እጅ አመልካች ጣት ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን በትንሹ ከፍ አድርጎ በአንድ ልክ በመያዝ፣ ፍጥነቱን በነዳጅ ሳይሆን ፍሪሲዮኑን በጥቂት ሚሊ ሜትር በመልቀቅና በመያዝ ብቻ መቆጣጠር ነው። ጓደኛ ከጎን በእግሩ እየሄደ ሞተሩ ከእሱ እንዳይቀድም ማድረግ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ጓደኛው ሲቆም መቆም፣ ሲራመድ መንቀሳቀስ። የሥራ ሞተር ፍሪሲዮን ለዚህ ሁሉ ፍትጊያ አልተሠራም። የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም የእጀታው መያዣ ቦታ ከተለወጠ ሞተሩን አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በዝግታ ሲነዳ ነፋስ ስለማያገኝ ሽታው ባይኖርም አሥር ደቂቃ ነድቶ ትንሽ ማሳረፍ ይገባል።

ቀጥሎ መዞር ነው። በመንገድ ላይ ሲዞሩ ነጂና ሞተር አብረው ያዘነብላሉ፤ በትሪያል ግን ሞተሩ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ሰውነት በተቃራኒው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ክብደቱም በውጨኛው መርገጫ ላይ ይሆናል። በሰፊ ክብ ጀምሮ መሪው እስከ መጨረሻው እስኪዞር ድረስ ክቡን ማጥበብ፣ ሲለመድ ሁለት ድንጋይ አራት ሜትር ያህል አራርቆ በመካከላቸው ስምንት ቁጥር መሥራት ነው። አብዛኛው ሰው በአንድ ወገን ቶሎ ይለምዳል፤ የሚያስቸግረው ወገን እጥፍ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ቆሞ ሚዛን መጠበቅ ሞተሩ ጠፍቶ የሚሠራ ልምምድ ስለሆነ ቤንዚን አይፈጅም፣ ጎረቤትም አያውክም፤ ከሥራ መልስ ግቢ ውስጥ ለመሥራት ይመቻል። መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙሮ የፊት ጎማውን ከድንጋይ ጋር አስደግፎ፣ የፊት ፍሬን ይዞ ሁለቱን እግር መርገጫ ላይ ማቆም ነው። ሚዛኑ የሚጠበቀው በጉልበትና በዳሌ ትንንሽ እንቅስቃሴ ነው፤ መሪውን በኃይል ማወዛወዝ ያባብሰዋል። በቪዲዮ የቶኒ ቡን ዝላይ አይቶ ይህን ማለፍ የሚፈልግ ብዙ ነው። ቡ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜዳውንም የቤት ውስጡንም የዓለም ሻምፒዮና በተከታታይ የወሰደ ሰው ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አለት ላይ በኋላ ጎማው ከመዝለሉ በፊት ግን ሞተሩን ባለበት ማቆም ይችላል። በአጠቃላይ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን የሥራ ሞተርን ማዘለል ወገብንም ቸርኬንም ስለሚጎዳ በዚህ መመሪያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ድንጋይ መውጣት

ለመጀመሪያ የሚመረጠው ድንጋይ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በመሬት የተቀበረና የማይነቃነቅ፣ ከበስተጀርባውም ደልዳላ መሬት ያለው ይሁን። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. በአንደኛ ማርሽ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ ቆሞ፣ ድንጋዩን ፊት ለፊት እንጂ በአግድም አለመቅረብ።

2. የፊት ጎማው ወደ ድንጋዩ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው ጉልበትን አጥፎ በእግር ወደ ታች መጫን፤ የፊት አሞርዛተሩ ሲጫን ይታወቃል።

3. አሞርዛተሩ ሲመለስ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ እያደረጉ አጭር ነዳጅ መስጠትና ክንድን እየዘረጉ ክብደትን ወደ ኋላ መውሰድ። የፊት ጎማው ድንጋዩን ዘሎ እንዲያልፍ አይፈለግም፤ የላይኛውን ጠርዝ ነክቶ እንዲያርፍ ነው የሚፈለገው።

4. ጎማው ጠርዙን እንደነካ ነዳጁን መቁረጥ፣ ፍሪሲዮኑን መያዝና ሰውነትን ወደ ፊት ማምጣት። ቀሪውን ሞተሩ በያዘው ጉዞ ይጨርሰዋል።

5. የኋላ ጎማው ድንጋዩን ሲመታ ጉልበት ልል መሆን አለበት። በዚህ ቅጽበት ነዳጅ መስጠት የፊት ጎማውን ወደ ላይ አንስቶ ነጂውን በጀርባው ይጥለዋል፤ ጀማሪን የሚያስወድቀውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ከፍታውን መጨመር የሚቻለው ከአሥር ሙከራ ዘጠኙ እግር ሳያስነኩ ሲሳኩ ነው፤ ጣሪያውም የሞተሩ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት

ዳገት ላይ ጉልበቱ የሚሰበሰበው ከሥሩ ነው፤ መሀል ላይ የሚጨመር ነዳጅ ጎማውን ከማሽከርከር ያለፈ አይረዳም። ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የፊት ጎማው ቀሎ ከተነሳ ነዳጁን ቀነስ ማድረግ ይበቃል። ከመውጣቱ ይልቅ በደንብ መለማመድ ያለበት መሀል ላይ ሲቀሩ የሚደረገው ነው፦ ሞተሩ በማርሽ ላይ እንዳለ እንዲጠፋ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ የኋላ ጎማው በዚህ ስለሚታሰር ሞተሩ ወደ ኋላ አይንሸራተትም፤ ከዚያ በላይኛው በኩል ባለው ጎን መውረድ፣ በታችኛው በኩል ፈጽሞ አለመቆም፣ ሞተሩን ወደ ላይኛው ጎን አስደግፎ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እየያዙ የኋላውን ወደ ታች አዙሮ ማውረድ።

ቁልቁለት ሲወርዱ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ ዳሌን ከኋላ ጎማው በላይ ማውጣትና ሁለቱንም ፍሬን በልስላሴ መጠቀም ነው። ፎሌ አድርጎ መውረድ አይገባም። ልቅ ኮረት ላይ የፊት ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ወዲያው የፊት ፍሬኑን ለቀቅ ማድረግ እንጂ ይበልጥ መጨበጥ መውደቅ ነው።

ሴክሽን ሠርቶ መፎካከር

ሦስትና አራት ሰው ሲገኝ ከ20 እስከ 40 ሜትር የሚረዝም ሴክሽን መሥራት ይቻላል። በብሪታንያ ልማድ ቀይ ምልክት በቀኝ፣ ሰማያዊ በግራ ይደረጋል፤ ጨርቅ በድንጋይ ላይ ማሰር ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉም በእግራቸው ይራመዱበታል፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፣ የኋላ ጎማው የት እንደሚያርፍ፣ መዞሪያው ላይ ሰውነት ወዴት እንደሚወጣ ይታያል። ከዚያ አንዱ ሲነዳ ሌላው ታዛቢ ሆኖ ይቆጥራል። ሞተሩ ወደ ፊት መሄዱን ካቆመ 5 ይያዝበታል የሚለውን ሕግ ገና ከጅምሩ መቀበል ይሻላል፤ ለጀማሪ ፍሪሲዮኑን በአግባቡ እንዲጠቀም ያስገድደዋል። ታዛቢነት እንደ ቅጣት የሚታይ ሥራ አይደለም፤ የሌላውን ጎማ በቅርብ ሲከታተሉ በራስ ላይ የማይታየው የሰውነት ስህተት ፍንትው ብሎ ይታያል። ነጥቡ ከእሑድ እሑድ በአንድ ደብተር ቢያዝ፣ በተመሳሳይ ሴክሽን ላይ መሻሻል አለመሻሻሉን ያሳያል።

ልምምዱ የሚያበቃው ድካም ሲጀምር ነው፤ በቀላል ድንጋይ ላይ ተደጋግሞ እግር መውረድ ሲጀምር ያ ሰዓት ደርሷል።

ለሰኞ መመለስ

ከኮረብታው ከመውረድ በፊት ጎማውን በፓምፕ ወደ መንገድ መጠኑ መመለስ፣ መስተዋቱንና ፍሬቻውን ማሰር፣ ፍሬኑን በዝግታ እየሄዱ መፈተን ያስፈልጋል። ቤት ሲደረስ የአየር ፊልትሮው ይወጣል፤ የአዳማ አቧራ ደቃቅ ስለሆነ ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ መመለስ አለበት፤ ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይራገፋል ወይም ይለወጣል። የቸርኬውን ራጂዎች አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ ማድረግ ነው፤ የላላው ድምፁ ይለያል። የፍሪሲዮኑ ገመድ ጫፍ ላይ የተበጠሰ ክር ካለ ሙሉ ገመዱ ይለወጥ። ካቴናው ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ነጂው ተቀምጦበት ሳለ ልልነቱ ይለካል። የመርገጫውና የመሪው ብሎኖች ይጠበቃሉ፤ የሆዱ ላሜራ ተፈትቶ ከውስጡ የገባው ጠጠርና ጭቃ ይወጣል፣ ከሥሩም የዘይት ጠብታ መኖር አለመኖሩ ይታያል።